እምነትን ከእብነ በረድ መቅረጽ፣ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ

እሺ፣ የቀረጽኳትን ሴት ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ "እንዴት ነው ምትሰራው" እያለ ሲጠይቀኝ አንድ በአንድ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ምንሰራው ነገር ይሄ ነው፣ ቁመቷ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነች ነጠላ የተከናነበች ሴት፣ ከነጭ እብነ በረድ፣ ስሟ "እምነት"። አሰራሩ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ጣሊያን ውስጥ የዛሬ 200 አመት ይሰሩበት የነበረው ቅደም ተከተል ነው፣ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዛ ጀሶ፣ ከዛ ድንጋይ። እኔ የጨመርኩበት ነገር ቢኖር የሰሜን ሸዋን ብርድና የእናቴን ነጠላ ነው። ድሮ ኮብልስቶን ጠራቢ ስለነበርኩ መሮ መያዙ አልከበደኝም፣ የከበደኝ ጨርቁ ነው፣ ስለዚህ ስለ ጨርቁ ብዙ እጽፋለሁ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ምን አይነት ስራ እንደሆነ እንግባባ። ኒዮክላሲካል የሚሉት በፈረንጆቹ 1700ዎቹ አጋማሽ ላይ የተነሳ፣ የጥንት ግሪክና ሮምን የሚከተል የአሰራር ስልት ነው። በእሳተ ገሞራ የተቀበሩት የጥንት ሮማውያን ከተሞች፣ ሄርኩላኒየም በ1738፣ ፖምፔይ በ1748 መቆፈር ሲጀመሩና የጥንቱ እቃ ከአመድ ስር ሲወጣ፣ ቪንክልማን የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ በ1755 የግሪኮች ስራ ክቡር ቅለትና ጸጥ ያለ ግርማ አለው ብሎ ሲጽፍ፣ ቀራጮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደዛ አዞሩ። ከዛ በፊት የነበረው ባሮክ ነው፣ በርኒኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ቀራጭ እንደሚሰራው፣ ጨርቁ ነፋስ የገባበት ይመስላል፣ አፍ ይከፈታል፣ እጅ ይወናጨፋል። ልዩነቱን በኛ ሰው ላይ ካያችሁት ይቀላል፣ ባሮክ ማለት በቀብሩ ቀን ደረቷን እየመታች የምታለቅስ ሴት ናት፣ ኒዮክላሲካል ደግሞ ያቺው ሴት በአርባው ቅዳሴ ላይ ቆማ። ሀዘኑ አንድ ነው፣ አቋሙ ግን ሌላ ነው።

የዚህ ስራ ቁንጮ አንቶኒዮ ካኖቫ ነው (1757-1822)፣ ጣሊያን ውስጥ ፖሳኞ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፣ አያቱም ድንጋይ ጠራቢ የነበሩ። ሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ውስጥ ያለውን የጳጳሱን የክሌመንት 13ኛ መቃብር ከ1783 እስከ 1792 ሰራ። ፎቶውን ፈልጉና በደንብ እዩት፣ ከላይ ጳጳሱ ተንበርክከው ይጸልያሉ፣ በአንድ በኩል "ሃይማኖት" ትልቅ መስቀል ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ በሌላ በኩል ችቦውን ቁልቁል የደፋ የሞት መልአክ የሚመስል ወጣት አለ፣ ከስር ሁለት አንበሳ። ሳጥኑ ላይ ደግሞ ከግንቡ ብዙ ሳይወጡ "ፍቅር" እና "ተስፋ" ተቀርጸዋል። እዛው ቅዱስ ጴጥሮስ ውስጥ የፒየስ 7ኛን መቃብር የሰራው ቶርቫልድሰን ነው፣ ዴንማርካዊ፣ ፕሮቴስታንት፣ ለካቶሊክ ጳጳስ መቃብር "ሰማያዊ ጥበብ" እና "መለኮታዊ ኃይል" የሚባሉ ሁለት ሴቶች አቆመ። ያኔም ሰው ማጉረምረሙ አልቀረም።

ለምን ሁሉም ሴት ሆኑ ብላችሁ እንደሆነ፣ በላቲን እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር የሚሉት ስሞች በሰዋስው አንስታይ ጾታ ስለሆኑ ነው፣ በቃ። እኛ ደግሞ ምግባርን በድንጋይ አንቀርጽም፣ ለልጅ ስም እናወጣዋለን እንጂ። ትዕግስት፣ ሃይማኖት፣ ተስፋዬ፣ ፍቅርተ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ሙሉው የካኖቫ ስቱዲዮ አቤት ይላል። ቡልጋ የተወለዱት ጻድቁ ራሳቸው የሃይማኖት ተክል ተብለው ነው የተጠሩት።

አሁን ሳልረሳው፣ ይሄ ነገር ጣዖት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል፣ እኔም መጥቶብኛል። የኛ ቤተክርስቲያን ስዕል እንጂ ዙሪያውን የተቀረጸ ምስል ለአምልኮ አትጠቀምም፣ ስለዚህ ይሄን ሰርታችሁ ለደብራችሁ ስጦታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ሰጪውም ተቀባዩም ያፍራሉ። ምትሰሯት ሴት ቅድስት አይደለችም፣ እመቤታችንም አይደለችም፣ የአንድ ሀሳብ ምሳሌ ናት፣ ቦታዋ ሳሎን ወይ ቢሮ ነው። ቤታችሁ ካልተስማማ ንስሐ አባታችሁን ጠይቁና ከዛ ጀምሩ፣ ድንጋዩ የትም አይሄድም።

የትኛዋን ምግባር ልስራ ለሚለው፣ ዋናዎቹ ሦስቱ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥13 የመጡት ናቸው፣ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር። ምልክታቸው ከቄሳሬ ሪፓ መጽሐፍ ጀምሮ (1593 የታተመ፣ ቀራጮች እንደ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጡት) የተለመደ ነው። እምነት መስቀል ወይ ጽዋ ትይዛለች፣ ብዙ ጊዜም ትከናነባለች። ተስፋ መልህቅ ትይዛለች፣ እሱም ከዕብራውያን 6፥19 ነው፣ ተስፋ ለነፍስ እንደ መልህቅ ነው ከሚለው። ፍቅር ልጆች ታቅፋለች ወይ ታጠባለች። ከነሱ ውጪ ፍትሕ ሚዛንና ሰይፍ፣ ጥበብ መስታወትና እባብ፣ ጽናት ዓምድ ወይ አንበሳ፣ ራስን መግዛት ልጓም ወይ ሁለት ማንቆርቆሪያ አላቸው። ለጀማሪ ግን ፍቅርን አልመክርም፣ ሦስት ልጅ ማለት ስድስት ክንድ ስድስት እግር ነው፣ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ተስፋን ጀምሬ ነበር፣ ግን እውነት ለመናገር መንዝ ተወልዶ መልህቅ መቅረጽ ሳላየው የፈራሁትን ባህር እንደ መዋኘት ሆነብኝ። እምነት ትሻላለች፣ ተከናንባ፣ እጇን ሰብስባ ትቆማለች፣ የሚሰበር ነገር የላትም።

መስቀሉ ላይ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። የጣሊያኖቹ እምነት ትልቅ መስቀል ታቅፋለች። እኛ ጋር የእጅ መስቀል የሚይዘው ካህን ነው፣ ሴትዮዋን መስቀል ባስይዛት ገና ጭቃ እያለች ጎረቤት "ይቺ ደግሞ መቼ ቀሰሰች" ሊለኝ ነው። ጽዋውም እንደዛው። ስለዚህ ማተብ አሰርኩላት። ባለ ማተብ ማለት ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም፣ ማተቡን በጠሰ ማለትም እንደዛው፣ አንድ ክር አንገት ላይ ካለ ለኛ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በድንጋይ ሲሆን ደግሞ ከደረቷ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ ያለች መስመር ናት፣ አትሰበርም።

አቋሙን ከመጽሐፍ አትፈልጉ፣ እሁድ ቅዳሴ ሂዱ። ፈረንጆቹ ኮንትራፖስቶ የሚሉት ነገር አለ፣ ክብደት አንድ እግር ላይ ወድቆ ሌላኛው ጉልበት ላላ ሲል፣ ዳሌው በአንድ በኩል ከፍ፣ ትከሻው ደግሞ በተቃራኒው በኩል ከፍ ይላል። ቅዳሴው ሁለት ሰአት ሲያልፍ የቆሙ እናቶች ሁሉ ሳያውቁት እንደዛ ነው የሚቆሙት፣ ከዛ ይደክማቸውና ወደ ሌላው እግር ያዞራሉ። እኔ ከቅጥሩ ስር ቆሜ ሦስት እሁድ ያህል እሱን ብቻ ነው ያየሁት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ቅዳሴውን በደንብ አልሰማሁም። ያያችሁትን ቤት ስትገቡ በእርሳስ ሞነጫጭሩት፣ አምስት መስመር ይበቃል፣ የትከሻ፣ የዳሌ፣ የጉልበት፣ የጀርባና የአንገት። ሰው ግን ፎቶ እንዳታነሱ፣ ነውር ነው።

አሁን ጨርቁ። ይሄ ነው ዋናው። ነጭ ድንጋይ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ያለው ነገር ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፣ ጥላ የሚፈጥረው ደግሞ እጥፋት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩት ጨርቅ መሳል ከወንበር ላይ በተጣለ አንሶላ ነው፣ እኛ ግን ጨርቅ ሲናገር እያየን ነው ያደግነው፣ ሰውዬው ያደገደገ እንደሆነ ፊቱን ሳናይ ትልቅ ሰው ፊት መቆሙን እናውቃለን፣ ሴትዮዋ ያጣፋች እንደሆነ ወደ ቤተክርስቲያን፣ ጥለቱ አንገቷ ጋር ከሆነ ወደ ለቅሶ። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው፣ አትናቁት።

ጋቢ አትጠቀሙ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ እጥፋቱ ወፍራምና ክብ ይሆናል፣ ለትልቅ ሐውልት ጥሩ ነው ለ40 ሴንቲ ግን ሴትዮዋ ፍራሽ የለበሰች ትመስላለች። ነጠላም ራሱ ለዚህ መጠን ይወፍራል። ያረጀ ስስ ሻሽ ውሰዱ፣ አሻንጉሊት ወይ ከሽቦና ከጨርቅ የታሰረ ሰው መሰል ነገር አቁሙ፣ ሻሹን በውሃ አርሳችሁ ጨምቃችሁ እንደ ነጠላ አከናንቡት። እርጥብ ጨርቅ ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ ግሪኮቹም በድንጋይ ያሳዩት ያንኑ ነው። ከዛ ይሄን አስተውሉ፣ ጨርቅ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከሆነ ነጥብ ነው፣ ከራስ አናት፣ ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከላላው ጉልበት። እያንዳንዱ እጥፋት ከነዚህ ነጥቦች ከአንዱ መነሳት አለበት። ዝም ብሎ መሀል ላይ የሚጀምር እጥፋት ካያችሁ ውሸት ነው፣ አጥፉት። ክብደቷን በጣለችበት እግር በኩል እጥፋቱ ቀጥ ብሎ እንደ ዓምድ ይወርዳል፣ በላላው ጉልበት በኩል ጨርቁ ጭኗ ላይ ይለጠፍና እጥፋቱ ይጠፋል። ይሄ የቀጥታውና የለስላሳው ጎን ለጎን መሆን ነው ስራውን ኒዮክላሲካል የሚያስመስለው፣ ፊቱ አይደለም። ስንት እጥፋት ላድርግ ለሚለው የኔ መልስ ካያችሁት ግማሹን ነው።

ጭቃውን ከሸክላ ሰሪዎች ግዙ፣ የተቦካውን፣ ከጓሮ አትቆፍሩ። 50 በ30 ሴንቲ የሆነ ጣውላ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አቁማችሁ በቀጭን ሽቦ የትከሻና የክንድ ቅርጽ አውጡ፣ ጭቃው እንዳይንሸራተት ከሽቦው ላይ ትንንሽ የእንጨት መስቀሎች አንጠልጥሉበት። መጀመሪያ ሰውነቱን ራቁቱን ስሩት፣ ጉልበቱ የት እንዳለ ሳታውቁ ጨርቅ ማልበስ አትችሉም፣ ከዛ ጨርቁን በስስ በስሱ ደርቡ። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ሸፍኑት። እና እባካችሁ ወደ ቤት አስገቡት። እኔ ህዳር ላይ በረንዳ ትቼው አደርኩ፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ እያወቅኩ፣ ሸፍኜዋለሁ ብዬ። ጠዋት ላስቲኩን ስገልጠው ጭቃው ውስጥ የነበረው ውሃ በረዶ ሆኖ አብጦ ፊቷ በሙሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል፣ አፍንጫዋ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የሁለት ሳምንት ስራ።

ፊቷ ላይ አይን ትልቅ ጥያቄ ነው። የካኖቫ ዘመን ሰዎች ብዙ ጊዜ ብሌን አይቀርጹም፣ ባዶ ነው የሚተዉት። እኛ ደግሞ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ የለመድነው ትልልቅ የተከፈተ አይን ነው፣ በጎን የተሳለ አንድ አይን ብቻ የሚታየው ደግሞ ክፉው ሰው ነው፣ ስለዚህ ብሌን የሌላት ሴት ሳሳይ ሁሉም "አይነ ስውር ናት እንዴ" አለ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሽፋሽፍቷን ዝቅ አድርጉት፣ ወደ መሬት ትይ። ቅዳሴ ላይ የቆመች ሴት እንደሆነ የምታየው መሬት ነው፣ ችግሩ በዛው ተፈታ።

ጭቃው ሲያልቅ ድንጋይ ከመንካታችሁ በፊት ለሆነች እናት አሳዩት። እኔ ለጎረቤታችን ለአንዲት እማማ አሳየሁ፣ ዙሪያውን ዞረው አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆዩና "ማን ሞቶባት ነው?" አሉኝ። ኧረ ማንም አልሞተባትም ስል "ታዲያ ጥለቱን ምን አንገቷ ላይ አወጣው" አሉ። እኔ ለአንገቷ አካባቢ የሚያምር መስመር ፈልጌ ጥለቱን ገልብጬ ነበር። ፈረንጅ ቢያየው ምንም አይልም፣ እሳቸው ግን ባንድ እይታ የለቅሶ አለባበስ መሆኑን አነበቡት። ጭቃ ስለነበር በአንድ ከሰአት አስተካከልኩት፣ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ስሟን "ሀዘን" ብሎ ከመቀየር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ጀሶ። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይቀንሳል፣ ስለዚህ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከጭቃው ትከሻ በግራና በቀኝ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ቀጫጭን ቁርጥራጮች እየሰካችሁ ፊትና ኋላውን ለዩት። ጀሶውን ውሃው ላይ እየነሰነሳችሁ ደሴት ሰርቶ መስጠሙን እስኪተው ጨምሩ እንጂ ውሃ ጀሶ ላይ አታፍሱ። የመጀመሪያውን ስስ ሽፋን ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ጨምሩበት፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ከዛ ሁለተኛውን ነጩን ወፍራም አድርጋችሁ ደርቡ። ሲሞቅ አትደንግጡ፣ ሲጠነክር ነው የሚሞቀው። ሲበርድ ሁለቱን ግማሽ ከፍታችሁ ጭቃውን አውጡ፣ እጠቡ፣ የልብስ ሳሙና በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ውስጡን ቀቡት፣ መልሳችሁ እሰሩትና አዲስ ጀሶ ሙሉበት። በማግስቱ የውጩን በመሮ ቀስ እያላችሁ ፈልፍሉ፣ ሰማያዊው ሲመጣ ተጠንቀቁ ማለት ነው፣ ከሱ ስር እሷ አለች። እርጥበት የነካው የቆየ ጀሶ እንዳትገዙ፣ አይጠነክርም፣ አንድ ሱቅ እንደዛ አድርጎኛል።

ድንጋይ። የኛ አካባቢ አለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፣ ለአጥርና ለግንብ እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ እብነ በረድ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው፣ አገር ውስጥ ከቤኒሻንጉል የሚወጣው የዳሌቲው የታወቀ ነው። የካኖቫው ጣሊያን ካለችው ከካራራ ነበር። ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል፣ እብን ድንጋይ፣ በረድ ያው በረድ፣ የበረድ ድንጋይ። የመቃብር ሐውልትና የኪችን ጠረጴዛ የሚሰሩ ቤቶች ጋ ሄዳችሁ ወፍራም ቁርጥራጭ ጠይቁ። 45 በ18 በ15 ሴንቲ ያስፈልጋችኋል፣ እብነ በረድ በሜትር ኩብ 2.7 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ይቺ ወደ 33 ኪሎ ትሆናለች፣ ሚኒባስ ላይ ረዳቱ "ምንድነው ይሄ" ሲል እውነቱን ብትነግሩትም አያምንም። ወፍራም ካጣችሁ 5 ሴንቲ ጠፍጣፋ ወስዳችሁ ከግንብ ብቅ ያለ ቅርጽ ስሩ፣ የክሌመንት ሳጥን ላይ ያሉት ፍቅርና ተስፋም እንደዛ ናቸው። ስስ ስሱን በማጣበቂያ መደራረብ ግን ይቅርባችሁ።

መፈተሻው፣ አንደኛ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ የእብነ በረድ ዘር ነው፣ ካላወጣ ሌላ ነገር እየሸጡላችሁ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ከስር ሁለት እንጨት አድርጋችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ጤነኛ ከሆነ እንደ ገጠር ቤተክርስቲያን የድንጋይ ደወል ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ ውስጡ ስንጥቅ ካለ ዱብ ይላል። ሦስተኛ ውሃ አፍስሱበትና ሲደርቅ ተመልከቱ፣ ስንጥቅ ያለበት መስመር ሌላው ከደረቀ በኋላም ጠቁሮ ይቆያል። ግራጫ ደም ስር ፊቷ ላይ እንዳይመጣ ድንጋዩን አገላብጣችሁ አስቡ።

ልኬቱን ከጀሶው ወደ ድንጋዩ ማዛወር። ካኖቫ ጀሶው ላይ ትንንሽ ምስማሮች ይተክል ነበር፣ ፖሳኞ ያለው ሙዚየም ውስጥ ያሉት ጀሶዎች ዛሬም እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፣ ረዳቶቹ ከነዛ ነጥቦች እየለኩ ድንጋዩን ይጠርቡና የመጨረሻውን ቆዳ እሱ ይጨርሰው ነበር። ለዚህ የተሰራ የነጥብ ማሽን አለ፣ እኛ ጋ ግን ቱምቢ (ግንበኞች ክር ላይ የሚያንጠለጥሉት ክብደት) ይበቃል። ከእንጨት ሁለት እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ፍሬሞች ስሩ፣ በየ2 ሴንቲው ምስማር ምቱባቸው፣ አንዱን ከጀሶው በላይ ሌላውን ከድንጋዩ በላይ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ስቀሉ። ከአንድ ምስማር ቱምቢ አውርዱ፣ ከክሩ እስከ ጀሶው በማስመሪያ ለኩ፣ ከፍታውንም ያዙ፣ ድንጋዩ ላይ ከዛው ቁጥር ምስማር አውርዳችሁ ያን ያህል እስክትገቡ ጥረቡ፣ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁሙ። መጀመሪያ ጎልተው የወጡትን ነጥቦች፣ አናት፣ ክርን፣ ላላው ጉልበት፣ የእግር ጣት። ቢያንስ 60 ነጥብ ሳትይዙ ወደ ዝርዝር አትግቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ጥረባው ላይ ሦስት አይነት መሮ ነው ያለው፣ ሹሉ፣ ጥርስ ያለውና ጠፍጣፋው። ሹሉን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሉት። እኛ ኮብልስቶን ጠራቢዎች ቀጥ አድርገን ነው ምንመታው፣ ይሄ ልማድ ነው የመጀመሪያዋን ያበላሸብኝ፣ እብነ በረድ በቀጥታ ሲመታ ውስጡ ይቀጠቀጥና ነጭ ነጥብ ይሆናል፣ ላዩን ብትሞርዱትም ወደ ውስጥ ስለገባ ስትወለውሉት እንደ ቁስል ጠባሳ ተመልሶ ይታያል። ከዳር ወደ መሀል እንጂ ከመሀል ወደ ዳር አትምቱ፣ ጠርዙ ይረግፋል። የጨርቁን ጥልቅ እጥፋቶች በቀጭን ድሪል እየበሳችሁ በመካከላቸው ያለውን አውጡ። ግራይንደር ሸካራውን ለማስወገድ ጥሩ ነው፣ ፊቷ አካባቢ ግን እንዳታስጠጉት። ማስክና መነጽር ግዴታ ነው፣ ድንጋዩን እያራሳችሁ ስሩ፣ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ከሞረድ በኋላ ውሃ የማይፈራው ብርጭቆ ወረቀት ይመጣል፣ 120፣ 220፣ 400፣ ከዛ ለፊትና ለእጅ ብቻ 800። ሁሉንም እኩል አታብሩት፣ እሱ የመታጠቢያ ቤት ስራ ነው። ፊቷና እጇ ለስለስ ይበሉ፣ ነጠላው ከ220 በኋላ ይቁም፣ ደብዛዛ ሆኖ ሲቀር ጨርቅ ይመስላል። ቀን በመስኮት ብርሃን ያለቀ የሚመስለው ነገር ማታ ጉዱ ይወጣል። ካኖቫ የመጨረሻውን ስራ በሻማ ብርሃን ነበር የሚሰራው፣ እኔ በጧፍ ነው። መብራት አጥፉ፣ ጧፉን ከጉንጯ ጎን አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙና ቀስ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች አውርዱት። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ትንሿ ጉብታ ሁሉ ጥላ ታወጣለች፣ ለስላሳ ነው ያልኩት ጉንጭ የተበጠሰ መንገድ ሆኖ አገኘሁት፣ ከከንፈሯ ስር ደግሞ በጣቴ ስነካው እንኳን የማላውቀው ጭረት ነበር። በእርሳስ ምልክት እያደረጋችሁ ጠዋት አስተካክሉ። እንደዛ ዘጠኝ ማታ ሰርቻለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ ደስ ይለኝ ጀመር።

ጨርሳችሁ ስታዩት ነጭነቱ አይን የሚወጋ ከሆነ ንጹህ ሰም ትንሽ አሙቃችሁ በስሱ ቀቡትና በሱፍ ጨርቅ አሹት። ካኖቫም ሰም ይጠቀም ነበር፣ መሮ ሲሳል የሚቀረውን ውሃም ይቀባው ነበር ይባላል፣ አዲስነቱ እንዲጠፋ።

ቤት ውስጥ ስታስቀምጧት ብርሃን ከጎን ከሚመጣበት መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን እጥፋቱን ሁሉ ይበላዋል። ስር ላስቲክ ወይ ቆዳ አድርጉላት። በደረቅ ብሩሽ ብቻ አቧራዋን አራግፉ፣ በረኪና አይነካትም፣ ሎሚም ኮምጣጤም እንደዛው፣ ቅድም ለመፈተሽ ያደረጋችሁት አረፋ ድንጋዩ ሲበላ ነው። የኔዋ እናቴ ቤት መስኮቱ ስር ናት፣ እናቴ በየሳምንቱ ነጠላዋን ታራግፍላታለች፣ ሰላጣ የሚሰራበትን ጠረጴዛ ደግሞ ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛወርነው።